በሳንጃው ደንደስ ላይ የተጻፈው፣ በእጀታው ላይ የተጫረው

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የቦረና ገጠር ቀበሌዎች የቆየ ሳንጃ ያለበትን ቤት ማግኘት አይከብድም፤ የሚከብደው ባለቤቱ አውጥቶ እንዲያሳይ ማግባባት ነው። ጊዜው ስለ ጦር መሣሪያ የሚጠይቅ እንግዳ የሚወደድበት አይደለም። ስለዚህ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመዘገብኳቸው ሳንጃዎች ጥቂት ናቸው፤ ያየኋቸውም በሽማግሌ አማላጅነት፣ የባለቤቱን ስምና ቀበሌ እንዳልጽፍ ቃል ገብቼ ነው። ጠመንጃዎቹ ቀደም ብለው ተሸጠዋል ወይም ተወርሰዋል። ሳንጃው ግን በግ የሚታረድበት፣ እንጨት የሚጠረብበት የቤት ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። ከመሣሪያነት መውጣቱ አተረፈው።

ካየኋቸው የሚበዙት የውጅግራ ሳንጃዎች ናቸው። ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ሲሆን፣ የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ጠመንጃ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ለቤል የተባለው አዲስ ጠመንጃ ሲተካው አሮጌው ትርፍ ሆነ፤ በነጋዴዎች እጅም በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ ሸዋ ጎረፈ። ሳንጃውን መለየት ቀላል ነው። ስለቱ 52 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቀጭንና ቀጥ ያለ ሆኖ ደንደሱ ሰፋ ያለ ነው። እጀታው እንጨት፣ የእጀታው ጫፍ ናስ፣ የመስቀለኛው አንድ ክንፍ ደግሞ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው።

ዋናው ምልክት ያለው በደንደሱ ላይ ነው። በተቀጣጠለ የእጅ ጽሑፍ የፋብሪካው ስም፣ ወሩና ዓመቱ ተቀርጾበታል፤ ሴንት ኤትየን፣ ሻቴልሮ፣ ቱል፣ አንዳንዴም የኦስትሪያው ሽታየር። በሞረድ የሚበላው የስለቱ አፍ ነው፤ በአመድና በአሸዋ የሚፈተገው ጎንና ጎኑ ነው። ደንደሱን ማንም አይነካውም። ጎኑ ላይ የነበሩት ጥቃቅን የመርማሪ ማኅተሞች ጠፍተው የደንደሱ ጽሑፍ ሲነበብ ያየሁት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጽሑፉ ቢነበብም ሁለት ወጥመድ አለበት። የመጀመሪያው ዓመቱ ነው። ፊደል የቆጠረ የቤቱ ልጅ «1878» የሚለውን አንብቦ ከአድዋ 10 ዓመት በፊት የተሠራ ነው ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ዓመቱ 1870 ወይም 1871 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ወሩ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ የወሩ ስም በሙሉ አይጻፍም፤ ሰባት ቁጥርና የአንድ ቃል መጨረሻ ብቻ ይቀረጻል። ይህ ሰባተኛው ወር ሐምሌ ሳይሆን ስሙ ከላቲኑ «ሰባት» የወጣው ሴፕቴምበር ነው። የሁለት ወር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ዘመን የምንለውጠው በመስከረም ስለሆነ ግን በእኛ አቆጣጠር ዓመቱን ሊለውጥ ይችላል።

ምልክት የቤተሰብን ትረካ የሚያፈርስበት ጊዜም አለ። በአንድ ቤት እንደ ቀለበት በአፈሙዝ ላይ የሚጠለቅ፣ ስለቱ ባለ ሦስት ጎን የሆነ የእንግሊዝ ሳንጃ አሳዩኝ። ከመቅደላ የተገኘ ነው አሉኝ፤ የናፒየር ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የወጣበት አምባ ከዚህ ሩቅ ስላልሆነ ለማመን አይከብድም። የእንግሊዝ መንግሥት የንብረት ምልክት የቀስት ጫፍ ናት። በዚህኛው ላይ ግን ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል፤ ትርጉሙም ከጦሩ ንብረትነት ተሰርዞ ተሽጧል ማለት ነው። ወታደር በዘመቻ ላይ የጣለው ሳንጃ ይህ ማኅተም አያርፍበትም። ስለዚህ በነጋዴ በኩል የመጣ ነው።

ያስጨነቀኝ ግን ሌላው ነው። አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ያወጡልኝ የውጅግራ ሳንጃ አያታቸው አድዋ ላይ ከጣሊያን የማረኩት እንደሆነ በቤቱ ይነገራል። ደንደሱ ሴንት ኤትየን፣ 1878 ይላል። አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር የታጠቀው ቬተርሊ እንጂ ውጅግራ አልነበረም። ውጅግራ በብዛት የነበረው በእኛ በኩል ነው። በመጽሐፍ ብቻ የሚሄድ መዝጋቢ «ትረካው ስሕተት ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ችኮላ ነው። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን የጠሩት ከቦረና በስተምሥራቅ ወዳለችው ወረኢሉ ነው፤ አያትየው ይህንኑ ሳንጃ ታጥቀው ዘምተው፣ «ይዞ ዘመተ» የሚለው በልጅ ልጅ አፍ «ማረከ» ሆኖ ሊሆን ይችላል። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሲፈታ ስንት መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ እንደዞረም መዘንጋት የለበትም። በተቃራኒውም የጣሊያን ማኅተም ያለበት ሁሉ ምርኮ አይደለም፤ በውጫሌ ውል ሰሞን ጣሊያን ራሷ ለምኒልክ ጠመንጃ ሰጥታለች።

ሳንጃውን ወደ ብርሃን ሳዘነብል በእጀታው ጫፍ ናስ ላይ በምስማር የተጫሩ ሁለት ፊደላት ታዩኝ፤ «ወ፡ገ»። ይህን የሚፈታ የማኅተም መዝገብ የለም። አባትየውም ልጆቻቸውም በእነዚህ ፊደላት የሚጀምር ስም ያለው ዘመድ አላስታወሱም፤ አያትየው በአገሩ የሚታወቁት በሌላ ስም ነው። መልሱ የመጣው ከጓዳ ነው። ቡና ሲያቀርቡ የነበሩት ታላቅ እህታቸው፣ «ወልደ ገብርኤል ነዋ! የክርስትና ስማቸው ነው። በተዝካራቸው ቄሱ ሲጠሩት በልጅነቴ ሰምቻለሁ» አሉ። የክርስትና ስም በሰፈርም በጦር ሜዳም አይጠራም፤ የነፍስ አባትና የቅርብ ቤተሰብ የሚያውቁት፣ በፍትሐት የሚነሳ ስም ነው። ሰውየው መሣሪያቸው ላይ የጫሩት ይህንን ነበር።

«እንግዲያ የጣሊያን አይደለም ማለት ነው?» ሲሉ አባትየው ጠየቁኝ። ፋብሪካው የፈረንሳይ መሆኑን፣ አድዋ ላይ በማን እጅ እንደነበረ ግን ብረቱ እንደማይናገር ነገርኳቸው። ዝም አሉና ሁለቱን ፊደላት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

በቅጹ ላይ «የተሠራበት አገር» በሚለው ረድፍ ፈረንሳይ፣ ሴንት ኤትየን፣ 1878 እ.ኤ.አ. ብዬ ሞላሁ። «የመጣበት መንገድ» በሚለው የቤተሰቡን ቃል እንደተነገረኝ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ደንደሱ የሚለውን። ለፊደላቱ ቅጹ ቦታ ስላልነበረው በጀርባው ስሙንና የተናገሩትን እናት የዝምድና ደረጃ አሰፈርኩ። ሳንጃ ቢላ እንዲሆን ወደ ቀጥቃጭ ሲሄድ ስለቱ ከጫፉ ያጥራል፤ የደንደሱ ጽሑፍ ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። የሚወልቀውና የሚጣለው እጀታው ነው። በዚህ አካባቢ ለመሥራት የሚመጣ ባልደረባ ፎቶግራፉን ከእጀታው ጫፍ ቢጀምር፣ ጥያቄውንም እስከ ጓዳ ቢያደርስ እመክራለሁ።