እናቲቱስ የት አለች?

«እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይላል ያገሬ ሰው። ምክሩ ለውሻም ይሠራል። እኛ ሰፈር ቡችላ የፈለገ ሰው ውሻ የወለደችበት ቤት ይሄዳል፤ እናቲቱ ትጮህበታለች፤ ባለቤቶቹ ይዘውለት አንዱን መርጦ ይወስዳል።

አሁን አሁን ግን ቡችላ በካርቶን ተይዞ መንገድ ዳር ይሸጣል። አንዱን ሻጭ «እናቲቱስ የት አለች?» ብለው፣ «የምትገዛው እሷን ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው ግን መልሱ አላስቅ አለኝ፤ ቡችላን ለትርፍ ብቻ የሚያራባ ሁሉ የሚተማመነው እናቲቱን ባለማሳየት ነዋ!

ሉሲን እንውሰድ፤ የኛዋን ድንቅነሽ አይደለም፣ የዌልሷን ውሻ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአንድ የቡችላ ማርቢያ ስትወጣ፣ በጠባብ ቦታ ታጉራ ደጋግማ ስትወልድ ኖራ ዳሌዋ ደርቆ፣ አከርካሪዋ ጎብጦ ነበር። በ2016 ሞተች። እንግሊዝ ውስጥ ግን በስሟ የሚጠራው ሕግ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ጸና፦ ከ6 ወር በታች ያለን ቡችላ ገዝቶ የሚያተርፍ ነጋዴ እንዳይሸጠው፣ ገዢም ከአርቢው ዘንድ ከእናቱ ጋር እንዲያየው። የኛው ተረት እኮ ነው፣ ሕግ ሆኖ!

አታላይ አይጠፋም፤ ሌላ ውሻ አምጥቶ «ይቺውላችሁ» ሊል ይችላል። ያኔ ጡቷን እዩ፤ የምታጠባ እናት ታስታውቃለች። ጭራሽ አላሳይም ካለ ደግሞ፣ ጓደኞቼ፣ ቡችላው ቢያሳዝናችሁም ትታችሁት ሂዱ። ዓይኑን አይቶ መሄድ ይከብዳል፤ እኔንም ከብዶኛል። ግን አዝናችሁ የከፈላችሁት ብር ቡችላውን ቢያወጣውም፣ እናቲቱን መልሶ ያስረግዛታል።