ደባርቅ፣ ቆጣሪው ሥር

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት፣ ጠዋት ሞልቶ የተነሳ ሚኒባስ ከምሳ በፊት ያደርሳችኋል። ኮሶዬ ላይ ቆላው ከገደሉ ሥር ጉም ለብሶ ይታያል። ጋቢ ያልያዘ ሰው አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ መጸጸት ይጀምራል። ከዚያ ገደብዬ፣ ዳባት፣ ወቅን እያለ መንገዱ ደጋውን ይዞ ይቀጥላል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዚህ መንገድ የተመላለስኩት ለለቅሶ ወይም ለክርስትና ነበር። ያሁኑ ጉዞዬ ግን የእህቴን ልጅ ሥራ ላይ ለማየት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ያበደርኩት ገንዘብ የት እንደገባ ለማየትም ነው።

ዳባት ላይ ተሳፋሪ ሲወርድ እኔም ወርጄ እግሬን አፍታታሁ። በደርግ ጊዜ የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ የጀመርኩት እዚህ ነው። ዛሬ የዳባት ስም በጥናት ወረቀቶች ላይ ይነሳል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት የሚመዘግብበት የምርምር ማዕከል አለው። እኔ ስጀምር ግን በምሠራበት ቤት መብራት እንኳ አልነበረም። ክትባት የምናስቀምጠው በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ ነበር። ክሩ ካጠረ ወይም ጥላሸት ከበዛ ቅዝቃዜው ይጠፋል፤ ክትባቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ስለዚህ እንደ አራስ ልጅ ሌሊት እየተነሳሁ እሳቱን አየው ነበር። ምጥ ሲመጣ ፋኖስ የሚይዝልኝ ዘበኛው ነው። ጨዋ ሰው ስለሆነ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ፋኖሱም አብሮት ይዞራል! ግድግዳው ቦግ ብሎ ሲበራ እኔ በዳበሳ እትብት አስራለሁ።

የእህቴ ልጅ ደባርቅ ላይ ወደ አሥራ አምስት ዓመት አስጎብኚ ሆኖ ሠርቷል። ከተማዋ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅርሶች አንዱ ነበር። እንግዳው አስጎብኚና ጠመንጃ የያዘ ስካውት አስከትሎ፣ ከዚህ ተነስቶ ነው ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ የሚያድረው። የእኛው ልጅ ጭላዳ እንደ በግ ሣር እየጋጠ እንዴት እንደሚኖር፣ ዋልያ ለምን ገደል እንደሚመርጥ ሲያስረዳ ፈረንጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተከተለ። እንግዳ ጠፋ። ልጁ የተራራ ጫማውን እየወለወለ ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ ቤቱን ያቆመችው እንጀራ እየጋገረች የምትሸጠው ሚስቱ ናት።

አንድ ቀን ደውሎ፣ “አክስቴ፣ ኤሌክትሪክ ልማር ተመዘገብኩ” አለኝ። 41 ዓመቱ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው።

“ምነው፣ ሌላ ሥራ ጠፋ?” ብዬ ጮህኩበት።

ያስጮኸኝ ዕድሜው አልነበረም። በሥራ ዘመኔ ኤሌክትሪክ የያዛቸውን ሰዎች ተቀብያለሁ። ቁስሉ ያታልላል። መዳፍ ላይ ስሙኒ የምታክል ጥቁር ምልክት፣ እግር ላይ ሌላ አንዲት ታያላችሁ፤ በመካከል ያለው ሥጋ ግን ውስጥ ለውስጥ ተቃጥሏል። ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቁሮ ሲመጣ ጡንቻው እየሟሟ መሆኑን፣ ቀጥሎ ኩላሊት እንደሚጎዳ እናውቃለን። ልብም ምቷን ልትስት ትችላለች። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ ሰው ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲይዘው በእጃችሁ አትንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። እሱ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከሰውየው አርቁ። የምሰሶ ላይ መስመር ከሆነ ግን ጨርሶ አትጠጉ። ሰውየው “ደህና ነኝ” ቢላችሁም ሐኪም ቤት ውሰዱት።

“እንዳይዘኝ ነው እኮ የምማረው” አለኝ። መልስ አጣሁ፤ ገንዘቡንም አበደርኩት።

ቴክኒክና ሙያ ሲገባ ክፍሉን የሞሉት የእሱን ዕድሜ ግማሽ ያልደረሱ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ ቀን መምህር መስሏቸው ብድግ አሉለት፤ ከዚያ በኋላ “ጋሼ” ሆኖ ቀረ። የሥልጠናው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለነበር እሱ ይተረጉምላቸዋል፣ እነሱ ሒሳቡን ያስረዱታል። የከበደው ወደ ሥራ ቦታ ለተግባር ሲላኩ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ “መሰላሉን ያዝ” ሲለው መያዝ ነበረበት። ስንቱን እንግዳ እየመራ ተራራ ያወጣ ሰው፣ አሁን ከልጅ ኋላ ቱቦ ተሸክሞ ይሄዳል። ማታ ቤት ገብቶ ሳይናገር የሚተኛባቸው ቀናት እንደነበሩ ሚስቱ ነግራኛለች። ዓይኑም አስቸግሮት ነበር፤ አርባ ሲያልፍ የቅርቡን ማየት ይደክማል፣ ጣሪያ ሥር የገመድ ቀለም መለየት አቃተው። የማንበቢያ መነጽር የላክሁለት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ሲኦሲ የሚሉትን የብቃት ምዘና ተፈትኖ አለፈ።

በደረስኩ ማግስት አንዲት እናት ቤት ይዞኝ ሄደ። የግጭ ሰው ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ፓርኩ ውስጥ ከነበረው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ገብስ ሲዘሩ፣ በግ ሲያረቡ የኖሩ ሰዎች በጉልምስናና በእርጅና ከተሜ ሆኑ፤ ሙያ የቀየረው የእኛ ልጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እማማ ለምግብ ቤት እንጀራ ለማቅረብ አስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተዋል። “ከዚችው ከአምፖሏ መስመር ቀጥልልኝ ልጄ” አሉት።

መነጽሩን አደረገና ቆጣሪውን አየ፣ ገመዱን አየ። ምጣዱ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። የአምፖሉ ገመድ ባለ 1.5 ነው፤ ያን ሁሉ ሲሸከም ይግላል፣ ቤቱ ደግሞ እንጨትና ጭቃ ነው። ባለ 4 ገመድ ከነብሬከሩ ለብቻው መሳብ አለበት። ከሁሉም በላይ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ገመድ መቀበር አለበት። የምጣዱ ብረት አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ቢያሾልክ፣ መንገዱ በመሬት ገመዱ እንዲሆን እንጂ ሊጥ ባረጠበው በእማማ እጅ እንዳይሆን። ይኼን ሁሉ ቀስ ብሎ አስረዳቸውና ዋጋውን ነገራቸው።

እማማ ዝም አሉ። ቆይተው፣ “ጎረቤቴ ቤት አንድ ልጅ በግማሹ ሠርቷል” አሉ።

አዘንኩላቸው። ብድሬም ትዝ አለኝ። ጠጋ ብዬ፣ “ለዛሬ ቀጥልላቸው፣ የመሬቱ በኋላ ይደርሳል” አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። “አክስቴ፣ አንቺ ባልተቀቀለ መርፌ ትወጊ ነበር?”

በእኛ ጊዜ ስሪንጁ የመስታወት ነበር፤ ቀቅለን ነው የምንሠራበት። ከሩቅ የመጣች እናት ልጇ እያለቀሰ “ሲስተር፣ ቶሎ በይ፣ ሊመሽብኝ ነው” ስትል ውሃው እስኪፈላ አስጠብቃታለሁ፤ ተቆጥተውኛል፣ ረግመውኛልም። ይኼን ልጅ ሳለ ያወራሁለት እኔው ነኝ። አፌን ያዝኩ።

ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውንና ቴስተሩን ወደ ቦርሳው መለሰ። ቦርሳው ያው የድሮው የተራራ ቦርሳ ነው። እማማ ግን ቡና ሳትጠጡ አትወጡም ብለው አስቀመጡን። እስከ ሦስተኛው ድረስ ስለ ገመድ ያነሳ የለም፤ የተወራው ስለ ግጭ ነው፣ ጠዋት ጅባራው ላይ ስለሚጋገረው ውርጭ። እሱ የትኛው ጅባራ እንደሆነ ያውቀዋል፤ እንግዶቹን እዚያ ነበር የሚያሳርፈው። የዚያን ቀን ሳንቲም ሳይዝ ገባ።

ጎንደር ተመልሼ በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩ። ሥራው ለዚያ ለሌላው ልጅ እንደተሰጠ ነገረኝ። “አየህ” ልለው አፌ ላይ ሲደርስ፣ “ገመዱን እንኳ ደህና አድርጎ ስቦታል፣ ባለ 4 ነው። ቡና ልጠጣ ብዬ ገብቼ አየሁት” አለ።

“የመሬቱስ?”

“እየቆፈርን ነው።”

“ከማን ጋር?”

“ከልጁ ጋር። ግማሽ ሜትር ላይ ዐለት ገጠመን፤ ዘንጉ አልገባ አለ። ጉድጓዱን ወደ ጎን አስፍተን ከሰልና ጨው ልንሞላበት ነው። ከሰሉን እማማ ሰጥተውናል፤ ቆይ፣ ልጁ እየጠራኝ ነው” ብሎ ስልኩን ሳይዘጋው አስቀመጠው። ዶማው ድንጋይ ሲመታ ለጥቂት ጊዜ ሰማሁ።