በክብሪት እንጨት ልክ

ባለፈው ሰሞን፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ካለው ቤቴ ደጃፍ ብስክሌቴን ገልብጬ ጎማ ልቀይር ስሰናዳ፣ እጄ ሳላዘው ኪሴ ገብቶ ክብሪት ፈለገ። ሲጋራ አላጨስም። ቡና የምናፈላው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ዕጣን የምናጨሰውም በላይተር ነው። ክብሪቱን የፈለግሁት ለእሳት ሳይሆን ቸርኬ ልለካበት ነበር።

ይህን አመል ያስያዙኝ አንድ የባሕር ዳር ጎሚስታ ናቸው። ስማቸውን አልጽፈውም፤ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው፣ እሱ ይበቃል። ከዋርካ ሥር አሮጌ ሳፋ በውኃ ሞልተው፣ ማስቲሽ፣ ሞረድ፣ መንፊያና እጀታቸው የተጣመመ ሁለት የሾርባ ማንኪያዎች ደርድረው ይቀመጣሉ። ማንኪያዎቹ ጎማ ከቸርኬ መፈልቀቂያ ናቸው። መኪና አይነኩም። «መኪና የሚያኮራው ባለቤቱን ነው፣ ሠሪውን አይደለም» ይሉ ነበር፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

የማወራው ስለ 1992 ዓ.ም. ነው፤ ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት። ያኔ ባሕር ዳር በብስክሌት ነበር ውላ የምትገባው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቅ በዘንባባው ጎዳና የሚጎርፈው ብስክሌት ዓይን ያታክት ነበር። መምህሩ፣ ነርሷ፣ ከኋላው ዶሮ ያሰረው ገበሬ፣ ፊትና ኋላ ልጆቹን የጫነው አባወራ፣ ሁሉም እኩል ነበር። ከተማው ሜዳ ነውና ማርሽ የሌለው ብስክሌት ማንንም አያሳፍርም። አብዛኛው «ባለ 28» የሚባለው ጥቁሩ ብስክሌት ነበር፤ ፍሬኑ በዘንግ የሚሳብ፣ ኮርቻው በሞላ የሚንጫጫ።

«ማውንቴን» የሚባለው ብስክሌት የመጣው በዚህ መሀል ነው። እኛ ጎረምሶቹ ልባችን ጠፋ። ያ የጎማ ጥርስ! ጎማው በሰፋ ቁጥር ባለቤቱም የገዘፈ ይመስለን ነበር፤ 1.95 የሚነዳ ልጅ ባለ 2.1ዱን ከመቀመጫው ተነሥቶ ሊቀበለው ምንም አይቀረው። ቁጥሩ የኢንች መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም፤ ማዕረግ ነበር የሚመስለን።

አለማወቁ ደግሞ ያስከፍል ነበር። አንድ ጓደኛዬ «26» የሚል ጎማ ገዝቶ መጥቶ ግማሽ ቀን ታገለ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ እንደ ሰፊ ቀለበት ይዞራል። ጋሼ ጎማውን ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩን። የገዛው 26 በ1 3/8 ነው፤ ብስክሌቱ የሚፈልገው 26 በ1.95። በክፍልፋይ የተጻፈውና በነጥብ የተጻፈው ሁለቱም 26 ይባሉ እንጂ አይገጥሙም። እውነተኛው ቁጥር ከጎን በደቃቁ የተጻፈው ነው፤ የክፍልፋዩ 590፣ የማውንቴኑ 559። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ፣ ከዳር እስከ ዳር በሚሊሜትር ሲለካ ማለት ነው። 31 ሚሊሜትር ጓደኛዬን የወር የምሳ ገንዘቡን አስበላው። «ትልቁን ጽሑፍ ለገዢ ነው የሚጽፉት፣ ደቃቁን ለሠሪ» አሉ ጋሼ።

የእኔ ጉድ ከዚህ ይብሳል። በዚያው ዓመት አጎቴ፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ አንድ ማውንቴን ገዛልኝ። በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ቸርኬው አሉሚኒየም፣ ቀጭንና የሚያብለጨልጭ። የፊት ጎማው አልቆ ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ በከተማው ማንም ያልነዳውን ሰፊ ጎማ መግጠም ሆነ። ሦስት ወር አጠራቅሜ ከአዲስ አበባ አንድ 26 በ2.35 አስመጣሁ። ለሁለት አልበቃኝም። ጋሼ በፍሬኑ መሀል ለማሳለፍ አየሩን አስተንፍሰው፣ አስገብተው፣ እንደገና ነፍተው፣ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ክብሪት አወጡ።

የአለካካቸው ነገር እንዲህ ነው። አንድ የክብሪት እንጨት በባዶ ቸርኬ ውስጥ፣ የጎማው ጠርዝ በሚነክሳቸው ሁለት ከንፈሮች መሀል አጋድመው፣ እስኪገጥም ድረስ ጫፉን በጥርሳቸው ይቆርጣሉ። ከዚያ ያችን ቁራጭ በተነፋው ጎማ ወርድ ላይ ያራምዷታል። «ሁለት ከሆነ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለት ተኩል፣ ግድ የለም ይኑሩ። ሦስት ከሆነ አይጋቡም።» የቸርኬዬ ውስጡ 17 ሚሊሜትር ነበር፤ በማስመሪያ የለካሁት በኋላ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው 60 ነው። ያቺን ቁራጭ ጎማውን ከመግጠማቸው በፊት በባዶው ቸርኬ ለክተው ይዘዋት ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተራምዳም ጎማው አላለቀም።

«ይኼ አምፖል ነው እንጂ ጎማ አይደለም» አሉ። እውነትም ከታች አንገቱ የቀጠነ፣ ከላይ ያበጠ አምፖል ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ፈረንጅ እኮ ነው የሠራው» አልኳቸው።

«ጎማውን አንዱ ፈረንጅ፣ ቸርኬውን ሌላው ፈረንጅ። ተነጋግረው ይመስልሃል?»

አለመነጋገራቸውን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የነገሩ መነሻ በሆነው አገር መኖር ስጀምር ነው። ከኦክላንድ ኮረብታዎች ባሕረ ሰላጤውን አሻግሮ ለሚያይ ሰው ታማልፓይስ የሚባል ተራራ ይታያል። ተራራው ያለበት የማሪን አውራጃ ጎረምሶች አሮጌ የሽዊን ብስክሌቶችን ወፍራም ጎማ አልብሰው የዚያን አካባቢ ጥርጊያ መንገድ ቁልቁል ይወርዱት ነበር። «ሪፓክ» የተባለው ውድድራቸው ፌርፋክስ አጠገብ የተጀመረው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 21፣ 1976 ነው። ስሙ የመጣው ከፍሬኑ ነው፤ አንዴ ከተወረደ የኋላው ፍሬን ግሪሱ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ እንደገና መሞላት ነበረበት። ቸርኬያቸው ብረት ነው፤ ከባድ ቢሆንም ሰፊ ነበር። በኋላ አሉሚኒየም መጣ፣ ከአሉሚኒየም ጋር የክብደት አባዜ መጣ። ኪት ቦንትራገር የተባለ ሠሪ በ1980ዎቹ የአስፋልት ብስክሌት ቸርኬ ቆርጦ፣ 36 የሽቦ ቀዳዳ የነበረውን 32 አስቀርቶ፣ ወደ 26 ኢንች ጠቀለለው። የእጁን ብልሃት አደንቃለሁ። የአስፋልት ቸርኬ ግን ጠባብ ነው። ፋብሪካዎቹም ያንኑ መንገድ ተከተሉ፤ በ1990ዎቹ 17 ሚሊሜትር የዘናጭ ብስክሌት ልክ ሆነ፣ ጎማው ግን መስፋቱን አላቆመም። ፈረንጁ ለአጎቴ የሸጠለት ያንን ዘመን ነው።

ጋሼ እያጉረመረሙ ተዉኝ፤ እኔም በቀጥታ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣሁ። ከላይ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት፣ ከታች አባይ፣ መሀል ላይ እኔና ጎማዬ። መጀመሪያ እንደ ድንጋይ አጠንክሬ ነፍቼው ነበርና ከጠጠር ጠጠር እየነጠረ አንጀቴን አራገፈው። ቆሜ አስተነፈስሁት። ወዲያው ለሰለሰ፤ ሁለት መቶ ሜትር ያህል በሕይወቴ እንደዚያ ተመችቶኝ ነድቼ አላውቅም። ከዚያ ኩርባው መጣ። መሪውን አዞርሁ፤ ቸርኬው ዞረ፣ ጎማው ግን ገና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፈረስ ላይ እንዳሉ ኮርቻው ወደ ሆዱ ሲዞር የሚሰማው ዓይነት ነበር። በጠባብ ቸርኬ ላይ የሰፊ ጎማ ጎኑ ተደግፎ የሚቆምበት ስለሌለው፣ አየር ሲያንሰው ይንጋደዳል፤ አየር ሲጨመርለት ደግሞ ሰፊ ጎማ የተገዛለት ልስላሴም መሬት መጨበጥም ይቀራል። መሀል የለውም። ከወደቅሁበት ተነሥቼ ሳየው ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው ከንፈር መሀል ተቆንጥጦ፣ ሹካ እንደወጋው ሁለት ቦታ ጎን ለጎን ተበስቷል። ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ ጉልበቴን እያነከስሁ ከተማ ገባሁ።

ደጃፌ ላይ የተገለበጠው ብስክሌት 29 ነው፤ የደቃቁ ቁጥር 622። 559 ከአዲስ ማውንቴን ላይ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ያ የተጣላንበት ልክ አሁን የአሮጌ ብስክሌት ምልክት ነው። የቸርኬዬ ውስጡ 30 ሚሊሜትር፣ ጎማው 2.4፣ ማለትም 61 ሚሊሜትር ነው። ጎረቤቴ 2.8 ይነዳል፤ የእሱ ቸርኬ 35 ነው። ማካፈል የሚወድ ያካፍለው፤ ሁለቱም የጋሼ ባልና ሚስት ናቸው። እርግጥ ቸርኬ ከልኩ ሲያልፍም ጣጣ አለው፤ የጎማው አናት ይደለደላል፣ ለኩርባ የተሠራው የጎን ጥርስ በቀጥታ መንገድ ያልቃል፣ የቸርኬው ጠርዝም ለድንጋይ ይጋለጣል። ጋሼ ከሁለት በታች ለሆነ ምን እንደሚሉ አልጠየቅኋቸውም። እንዲህ ያለ ቸርኬ ያኔ ዋርካው ሥር ደርሶ አያውቅም።

የወደቅሁ ቀን፣ ጋሼ ጉልበቴን አይተው «አላልሁህም?» አላሉም። ጎማውን በማንኪያቸው አወለቁና፣ ለሱቆች ዳቦ የሚያደርስ ደንበኛቸውን አስጠሩ። የእሱ ማውንቴን ቸርኬ የብረት ነው፤ ሲያዩት የሚያስቅ፣ ሰፊና ከባድ። አዲስ ክብሪት ተቆረጠች፤ ሁለት ጊዜ ተራምዳ ጥቂት ተረፈ። በግማሽ ዋጋ ወሰደልኝ፤ ለእኔ ያገለገለ 1.95 ተገጠመልኝ።

በዚያ ክረምት ዝናብ ባባራ ቁጥር የጎማዬን ፈለግ ጭቃው ላይ አገኘው ነበር። ጥርሱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ወርዱም ከማንም ጋር አይምታታም። አንድ ማለዳ ተከተልሁት። ከዳቦ ቤቱ ወደ መጀመሪያው ሱቅ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ገበያውን ዞሮ በታጠፈበት ሁሉ ሳይንሸራተት ታጥፎ፤ እኔም በቀጭኑ ጎማዬ፣ በእሱ ፈለግ ውስጥ እየነዳሁ።