የልጄ «ቱ»

የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ስለ እኔ «ማይ ፋዘር ስቶፕድ ቱ ስሞክ» ብላ ጽፋ መምህሯ በቀይ አሰመረበት። «አባቴ ማጨስ አቆመ» ማለቷ ነበር። የእኛ «መሄድ»፣ «መብላት» በእንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ «ቱ» ይቀድመዋልና እሷም ያንኑ አደረገች። «ስቶፕ» ግን አመለኛ ነው፤ «ቱ» ሲከተለው «ለማጨስ ቆመ» ይሆናል። ለተወ ሰው «ስቶፕድ ስሞኪንግ» ነው የሚባለው።

ይህን ሳስረዳት «ታዲያ አባዬ፣ ለማጨስ የት ቆምክ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

እኔ አልሳቅሁም። ከሥራ ስመለስ ሰፈራችን ጥግ ካለው ሱቅ ጎን ቆሜ አንድ ፍሬ ሲጋራ ማጨስ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። እናቷም አታውቅም።

ላጲስ አቀበልኳት። «ቱ»ን አጥፍታ «ኢንግ» ጨመረች።