ኡስታዙ ሲያንኳኳ



ባለፈው ሳምንት ፒያሳ በኒ መስጊድ ዓስር ሰግደን፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ስለማልረሳ ሒሳብ ላይ እጨቀጭቀዋለሁ። አንድ ኳድራቲክ እኩልታ ሰጠሁት። ስልኩን አወጣ፣ ፎቶ አነሳው፣ መልሱ ከነአሠራሩ መጣ። «ታዲያ ለምን ታደክመኛለህ?» አለኝ።

ምን እለዋለሁ? እኔም በዚያው ሳምንት የቴርሞዳይናሚክስ አሳይመንቴን ያሠራሁት በቻትጂፒቲ ነው። ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ፤ ፋይናሉ ገና ነው።

ሒሳብ የሚያስጠኑ ኮምፒውተሮች ሁሉ ግን እንዲህ አይደሉም። አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራው «ኮግኒቲቭ ቱተር» ተማሪው የሚሠራውን እያንዳንዱን እርምጃ ይከታተላል። ሲሳሳት እዚያው ይነግረዋል። እርዳታ ሲጠይቅ መጀመሪያ ጠቆም ያደርገዋል፣ ካልገባው ትንሽ ይጨምርለታል፤ መልሱን የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። (ተማሪዎቹ ታዲያ መልሱ እስኪወጣ ፍንጩን ደጋግመው ይጫኑታል። እዚያም እንደኛው ናቸው።) ኩርት ቫንሌን የተባለ ተመራማሪ በ2011 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አነጻጽሮ፣ በየእርምጃው የሚከታተሉት ከሰው አስጠኚ ብዙም እንደማያንሱ፣ የመጨረሻውን መልስ ብቻ የሚያዩት ግን ጥቅማቸው ከግማሽ በታች እንደሆነ አሳይቷል።

ይህን ሳነብ ቁርኣን ቤት ትዝ አለኝ። ኡስታዛችን ስሳሳት አይቀራልኝም ነበር። በአርጩሜው ሉሑን ኳ ያደርግና ዝም ይላል። ከአያው መጀመሪያ እመለሳለሁ። ካልመጣልኝ ቀጣዩን ሐርፍ ብቻ ይሰጠኛል። መንግሥት ትምህርት ቤት ግን በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ነበርን፤ መምህሩ ቢፈልግስ የማንን ደብተር ያያል? ፈተና ሲመለስ ቀይ ኤክስ ብቻ ነው፤ የቱ መስመር ላይ እንደሳትኩ የነገረኝ አልነበረም። አሁን በጀመዓችን ቱቶሪያል እኔም ያንኑ እየደገምኩ ነው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ራሴ ፈትቼ «ገባችሁ?» እላለሁ። ሁሉም «አዎ» ይላል።

ለወንድሜ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ስልኩን ኪሴ ከትቼ እስክሪብቶ ሰጠሁት። ሦስተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክቷን ጣላት። ጠረጴዛውን ኳ አደረግሁት። ገላመጠኝ። ከዚያ ከላይ ጀመረ።