የአባቴ ጆሮና የእኔ ስሌት

አባቴ ከጅቡቲ ወደብ አዲስ አበባ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አርብ ቀን ቤት ከዋለ አሮጌውን አምፕሊፋየር ከፍቶ ጥላሁን ገሠሠን ሳያስቀድም ቡና አይጠጣም።

ባለፈው ጥቅምት ከመንገድ ሲመለስ ወፍራም የስፒከር ሽቦ ገዝቶ መጣ። ሻጩ «ሽቦ በወፈረ ቁጥር ድምፅ ይጠራል» ብሎታል። ቀጭኑን ነቅሎ አዲሱን ራሱ ገጠመና «ስሙት እስቲ፣ ቤዙ መጣ!» አለ።

እኔ ደግሞ የዚያን ሰሞን በ10ኛ ክፍል ፊዚክስ የኦምን ሕግ እየተማርኩ ስለነበር ወረቀትና እርሳስ አነሳሁ። ሽቦው 4 ሜትር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ 8 ሜትር ይሆናል። ባለ 0.75 ካሬ ሚሊሜትሩ የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንሱ 0.2 ኦም ገደማ፣ ባለ 2.5ቱ 0.06 ኦም ገደማ ወጣ። ስፒከራችን 8 ኦም ስለሆነ ይህ ልዩነት በጆሮ የሚለይ አይደለም። ቡና ሊጠጡ በመጡት ጎረቤቶች ፊት «አባዬ፣ ሸወዱህ እኮ!» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። አባቴ ምንም ሳይናገር ድምፁን ቀነሰው።

ታሪኩን ለፊዚክስ መምህራችን እየኮራሁ ነገርኳቸው። «ስሌትህ ልክ ነው» አሉኝ። «ግን አባትህ ሰማሁ ካሉ የሰሙት ነገር ይኖራል። ከመሳቅህ በፊት ፈትነህ ነበር?»

አልፈተንኩም ነበር። አባቴ ቤት በዋለበት ሌላ አርብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ታናሽ እህቴ ሳንቲም እየወረወረች፣ እኔ በዕጣው መሠረት አንዴ ቀጭኑን አንዴ ወፍራሙን ገጠምኩ። ከ10 ጊዜ 5ቱን አገኘ፤ በግምትም ያን ያህል ይገኛል። «አሁንስ እኔም አልለየሁትም» አለ። «ያን ዕለት ግን በደንብ ሰምቻለሁ።»

ያኔ ዓይኔ ስፒከሩ ጀርባ ላይ ባሉት ቀይና ጥቁር መግቢያዎች ላይ አረፈ። የአንዱን ስፒከር ሽቦ ብቻ ገልብጬ፣ የቀዩን በጥቁሩ፣ የጥቁሩን በቀዩ ገጠምኩት። አባቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ይሄው! የድሮው ድምፅ ይኼ ነው!» ቤዙ ጠፍቶ ነበር። አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ፣ የሁለቱ ወፍራም ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ባለፈው ዓመት ቤት ስንቀይር ያንን ቀጭን ሽቦ የገጠምኩት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ አባቴ የሰማው እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ላይ ነው። የእኔም ስሌት ልክ ነበር፤ የእጄን ስህተት ግን አላሳየኝም።

የሽቦ ውፍረት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በትልቅ አዳራሽ ውስጥ 4 ኦም የሆነ ስፒከር ከአምፕሊፋየሩ 30 ሜትር ቢርቅ፣ የቀጭኑ ሽቦ ሬዚስታንስ 1.4 ኦም ገደማ ይደርሳል፤ ከኃይሉም ሩብ ያህሉ ሽቦው ላይ ይቀራል። ያኔ ጆሮም ይለየዋል። ለአንድ ክፍል ቤት ግን ከውፍረቱ ይልቅ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መገናኘቱ ይበልጣል።

ጎረቤቶቻችን በድጋሚ ቡና ሲመጡ ሁሉንም በፊታቸው ተናገርኩ። እንደገና ሳቁ፤ የአሁኑ ግን በእኔ ነበር። አባቴ አብሯቸው አልሳቀም። ተነሥቶ ድምፁን ከፍ አደረገው።