ከአንድ ገብስ ሁለት መጠጥ፤ ጠላና ቀሪቦ በባቲ

አንባቢ ሆይ! በፈረንሳይ አገር ሻብሊና ሙስካዴ የሚባሉ ሁለት ነጫጭ የወይን ጠጆች አሉ። ሁለቱም ጣፋጭነት የሌላቸው፣ ጠጪዎቻቸው «ደረቅ» የሚሏቸው ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ከባሕር ምግብ ጋር ይወደዳሉ። ሻብሊ የሚጠመቀው በኖራማ መሬት ላይ ከሚበቅለው ሻርዶኔ ከተባለው የወይን ዘር ነው። ሙስካዴ ግን የሉዋር ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገባበት አካባቢ ከሚለማ ከሌላ ዘር ነው። የአገሩ ሰዎች የአንዱን ከሌላው መብለጥ ሲከራከሩ ይኖራሉ። እኛ ደግሞ ዛሬ ወደ ወሎ ወርደን፣ ዘራቸው እንኳ ሳይለያይ ከአንድ ገብስ የሚወጡትን ሁለት መጠጦች፣ ጠላንና ቀሪቦን፣ እናስተያያለን። ቀሪቦን አንዳንዱ ሰው ቃሪቦም ይለዋል።

ከኮምቦልቻ ተነሥተው በአሰብ መንገድ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ባቲን ያገኛሉ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ የደጋው ብርድ ይቀራል፤ ግራርና ቁጥቋጦ ይበዛል፤ ካፖርት የለበሰ መንገደኛ ማውለቅ ይጀምራል። ባቲ ዋና ከተማው ከሚሴ በሆነው፣ በአማራ ክልል ውስጥ ባለው የኦሮሞ ዞን ትገኛለች። ስሟን ከአገራችን አራት የዜማ ቅኝቶች አንዱ ስለሚጠራበት፣ ከተማይቱን ያላየ ሰው እንኳ በጆሮው ያውቃታል።

የሚሄዱበትን ቀን ሰኞ ያድርጉት። ሰኞ ገበያ ነው። ከቆላው አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ጨውም ጭኖ ይመጣል፤ ከደጋውና ከወይና ደጋው አማራውና ኦሮሞው እህሉን ይዞ ይወርዳል። በአንድ ሜዳ ላይ ሦስት ቋንቋ ይሰማል። ፀሐዩ ከአናት ላይ ሲሆን አቧራው ጉሮሮን ያደርቃል፤ ያን ጊዜ የመጠጥ ነገር ይታሰባል።

በመጀመሪያ ጠላን እንመልከት። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስም ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል። ጥቂት ቀን ሲያድር ብቅሉና ቂጣው ይጨመራሉ፤ ቀጥሎም ከተቆላ እህል ዱቄት የተሠራው እንኩሮ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይመረጋል። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መጠጥ ከጌሾው መራራነትን፣ ከወይራው ጭስን፣ ከቀናቱ ደግሞ ኃይልን ይዞ ይወጣል። ኦሮሞው ፈርሶ የሚለው ይኸንኑ ዓይነት ጠመቃ ነው። ፈረንጆቹ ለቢራ ሆፕ የተባለውን ተክል እንደሚጨምሩ፣ የእኛም እናቶች ጌሾን መርጠዋል።

ቀሪቦ ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። ገብሱ እስኪጠቁር ድረስ ድብን ተደርጎ ይቆላል። ከዚያ በኋላ በውኃ ይፈላል፤ ይቀዘቅዛል፤ ይጠለላል። ስኳርና ጥቂት እርሾ ተጨምሮበት አንድ ሌሊት ያድራል። ጌሾ የሚባል ነገር አይነካውም። በማግሥቱ ሲቀዳ መልኩ ቡና ይመስላል፤ ሽታው የቆሎ ምጣድን ያስታውሳል፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ በመጨረሻ የተቆላ ገብስ ምረት ትንሽ ይቀምሳል። ለማስከር ስላልተሠራ ልጆችም ይጠጡታል። ነገር ግን አደራ፣ ብዙ አያሳድሩት! ሲሰነብት ይቆመጥጣል፤ አልኮልም እያበጀ ስለሚሄድ የተሠራበት ዓላማ ይፈርሳል።

እንግዲህ የትኛው ይበልጣል? ለወፍራም ወጥና ለረጅም ጨዋታ ጠላ ይስማማል፤ መራራነቱ የቅቤውን ቅባት ከአፍ ያጥባል። ለፀሐይ ጥማትና ለመንገደኛ ቀሪቦ ይሻላል፤ የደከመውን ያነቃል፤ ራስንም አያዞርም። አንዱን በሌላው ሚዛን የሚመዝን ሰው ግን ሁለቱንም ይበድላል። ጠላን «ለምን አልጣፈጠም?» ቀሪቦንም «ለምን ሞቅ አያደርግም?» ማለት ግመልን «ለምን አላረስህም?» እንደ ማለት ነው።

ደግሞም የሁለቱ አብሮ መኖር ከጣዕም የበለጠ ምክንያት አለው። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር ይኖራል፤ ይጎራበታል፤ በሠርግና በሐዘን ይጠራራል። ሙስሊሙ የሚያሰክር መጠጥ አይጠጣም። ስለዚህ ዐዋቂ ባለድግስ ለየእምነቱ ለየብቻ ያሳርዳል፤ የጠላውን ጋን በአንድ ወገን፣ የቀሪቦውን ዕቃ በሌላ ወገን ያስቀምጣል፤ መቅጃውንና መጠጫውንም ይለያል። ይኸ መለየት ሰውን ከሰው ለማራቅ የተደረገ አይደለም። ሁሉም ያለ ሥጋትና ያለ ሐፍረት ከአንድ ዳስ ሥር እንዲቀመጥ የተደረገ ነው። ክርስቲያኑ ቀሪቦ ሲጠማው ይጠጣል፤ ሙስሊሙም ጠላውን አልፎ ቀሪቦውን ቢያነሣ ማንም «ምነው?» አይለውም።

ይኸም ሁሉ እህል ሲተርፍ ነው። በ1977 ዓ.ም. በታላቁ ረኃብ ጊዜ ባቲ እንደ ኮረም ሁሉ የተራቡ ሰዎች መጠለያ ሆና ስሟ በዓለም ተሰማ። ገበያተኛ ይወርድባት ወደ ነበረችው ከተማ ራብተኛ ጎረፈ። ለነፍስ የሚሆን እፍኝ ገብስ በጠፋበት ቤት የሚጠነሰስ ነገር ከየት ይመጣል? ስለዚህ በአንድ ቤት የተጠነሰሰ ጋን ሲያዩ፣ ያ ቤት ለዓመቱ ከሚበላው በላይ ለእንግዳ የሚሆን አትርፏል ማለት ነውና ደስ ይበልዎ።

አንባቢ ሆይ! ባቲ ሄደው ድግስ ቢያጋጥምዎና ባለቤቲቱ ሁለቱንም ዕቃ እያሳዩ «የቱን ልቅዳልዎ?» ቢሉዎ፣ ስለ መጠጡ ብቻ የተጠየቁ አይምሰልዎ። ማንነትዎን ሳይመረምሩ፣ ማንም ቢሆኑ የሚቀርብልዎ ተዘጋጅቶ ቆይቷል ማለታቸው ነው። ሻብሊና ሙስካዴ የጠጪን ምላስ ያከራክራሉ፤ ጠላና ቀሪቦ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር ያስቀምጣሉ።